የደሴት ጎብኚ ዕዳ

ከአሰላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ በስምጥ ሸለቆ የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል፤ አምስት ደሴቶችም አሉት። ከእነርሱ ትልቋ ቱሉ ጉዶ፥ ደብረ ጽዮን በመባልም ትታወቃለች። በትውፊት እንደሚነገረው፥ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህች ደሴት ሸሽተዋል። ትውፊቱን የታሪክ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ የማይካደው ግን የዛይ ሕዝብ ቋንቋውን፥ ቤተ ክርስቲያኑንና የብራና መጻሕፍቱን በውኃ መካከል ጠብቆ ማቆየቱ ነው። ቋንቋው እንኳ በዙሪያው ከሚነገረው ኦሮምኛ ይልቅ ለሐረሪና ለስልጤ ይዘመዳል።

እንዲህ ያለውን ስፍራ የሚጎበኝ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ብዙዎቻችን የጀልባውን ዋጋ ከከፈልንና በደጀ ሰላሙ ጫማችንን ካወለቅን የሚቀር ነገር ያለ አይመስለንም። ይህ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ስለ ሆነ እንግድነታችንን መዘንጋት አይገባንም።

በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፥ ከኬሪ ጠረፍ ባሻገር፥ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሰየመ ስኬሊግ ማይክል የሚባል ዓለታማ ደሴት አለ። መነኰሳት ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው የንብ ቀፎ የሚመስሉ በአቶችን ሠሩበት፤ ከ600 በላይ ደረጃዎችንም አበጁ። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ግን ወደ የብስ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ደሴት ዛሬ መነኰሳት ስለሌሉት፥ በየቀኑ የሚወጡበትን ጎብኚዎች ቍጥር በመወሰን ይጠበቃል። ድንጋይን የሚጎዳው የእግር ብዛት ነውና።

ቱሉ ጉዶ ግን ሰው የሚኖርባት ናት። ቅርሷ የሚጠበቀው ዓሣ አጥምዶና አርሶ የሚያድር ሕዝብ በላይዋ ሲኖር ነው፤ ከዛዮችም ብዙዎቹ አስቀድመው ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተዋል። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ታላላቅ ወንዞች አንዱ መቂ ሲሆን፥ ሌላው ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የእኛው ካታር ነው። እንግዲህ ተዳፋቱ ሲታረስ ደለሉ፥ ውኃው በሞተር ሲሳብ ጕድለቱ እዚያው ይደርሳል። ደሴቲቱን አይቶ የማያውቅ የአርሲ ሰው እንኳ ጎረቤቷ ነው፤ ዕዳውም ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይጀምራል።

ቀላል ያልሆነ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ልጆቹን ለመመገብ ጥቂት ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማን ገበሬ «ስለ ጥንታዊ ብራና ብለህ ሞተርህን አጥፋ» ማለት ፍትሕ ነውን? አይመስለኝም። በሐይቁ ዳር ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች እያሉ ሸክሙን አስቀድሞ በእርሱ ላይ መጫን ድኻን መግፋት ይሆናል። የወንዙን አፋፍ እስከ ጫፍ እንዳያርስ ግን ልንለምነው እንችላለን፤ የሚድነው የገዛ አፈሩ ነውና። ቱሉ ጉዶን ለማየት የሚነሡ ወጣቶቻችንም በባቱ ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት በካታር ዳር ጥቂት ቆመው፥ በክረምት የውኃውን ቀለም ቢመለከቱ መልካም ነው።