ምስክሩ ማን ይሁን?

በፒያሳና በመርካቶ መካከል ያለው አትክልት ተራ ለዘመናት ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገፍበት ኖረ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ሄደ። ለአንድ ነጋዴ ዓመታት ሲያራግፍ የኖረ ሰው «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ቢባልስ ምን ይዞ ይሄዳል? ውል አልፈረመ፣ ደብዳቤ የለው።

ሕጉ እንኳ አልጨከነበትም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው የውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል በሦስት ወር፣ ደመወዜ ይከፈለኝ የሚል በስድስት ወር ካልከሰሰ ይርጋ ያግደዋል። ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን፣ ይግባኙም በ30 ቀን እንዲቀርብ ታዟል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰበር ድረስ ይዘልቃል። በወረቀት ሲታይ መንገዱ አጭር ነው።

ታዲያ አሠሪው ችሎት ቆሞ «ይህን ሰው አላውቀውም፤ ለመጣው መኪና ሁሉ የሚሸከም ነው» ቢልስ? ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ምስክር ላይ ይወድቃል። ምስክሩስ ማን ነው? አብሮት ከአይሱዙ ላይ ጆንያ ያወረደው ነው እንጂ ሌላ ማን ሊሆን! እሱ ደግሞ ዛሬም እዚያው ነው የሚውለው። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር፤ ዛሬ ከአሠሪው ጋር የተቆራኘው ምስክሩ ነው፣ ያውም በእንጀራ።

እኛ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን «እውነትን መመስከር ግዴታ ነው» ብንል አንዳች አይጎድልብንም። የሚጎድለው የእሱ ልጆች እራት ነው። ስለዚህ ዝም ያለውን ፈሪ አንለውም። ዝምታው ንጹሕ ነው ማለትም ግን አንደፍርም፤ ችሎት ውስጥ ዝም ያለ ሰው ሳያውቀው ለአሠሪው መስክሯል።

«በክርክር ስለተካፈለ ማንም አይሰናበትም ተብሎ ተደንግጓል» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተደንግጓል። ግን የመሰከረው ሰው በሳምንቱ ቢባረር ለዚያ ደግሞ እኮ ሌላ ክስ፣ ለክሱም ሌላ ምስክር ያሻል። ያ ሁለተኛው ምስክር ከየት ይመጣል? ከዚያው ከመኪናው ሥር!

እኛ እንደሚመስለን ድፍረትን ከድሃ መጠየቅ የጀመርነው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። አዋጁ መዝገብ ያዝ ያለው አሠሪውን ነው። እንግዲያው ጓደኛው መጥሪያ ሳይደርሰው በፊት መዝገቡ ይጠራ። «አልያዝኩም» የሚል ከሆነ፣ የባለመደብሩ ጉድለት በተሸካሚው ላይ የሚቆጠረው በምን ፍርድ ነው?