ሰፈርተኛዋ ማን ናት?

እህቶቼ፣ «ሰፈር» የምንለው ቃል መነሻው ጦር ነው። ሠራዊቱ ሰፈረ ሲባል ድንኳኑን ተከለ፣ ዕቃውን አወረደ ማለት ነው። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው የተመሠረተችው። አፄ ምኒልክና መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በየኮረብታው ሰፈሩ፣ ቦታውም በየጌታው ስም እየተጠራ ቀረ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ እንጠራዋለን። ስለዚህ ስለ ጦር ሰፈር ላወራችሁ ስነሳ «ይቺ ደግሞ ምን ነካት፣ እኛና ጦር ምን አገናኘን» አትበሉኝ።

ዓርብ ዕረፍት አግኝታችሁ ሩዊ የምትወርዱ በይት አል ፈለጅን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1845 የተሠራ ምሽግ ነው፤ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ የጦር ኃይሎች ሙዚየም ሆኗል። እስከ 1978 ግን የሱልጣኑ ሠራዊት ጠቅላይ መምሪያ እዚያ ነበር። እንግሊዛውያን መኮንኖች፣ ዑማናውያንና ባሉቺ ወታደሮች አብረው ያገለግሉ ነበር። የሲብ አየር ማረፊያ በ1973 እስኪከፈት ድረስ አውሮፕላኑም የሚያርፈው ከምሽጉ አጠገብ ነው። ያንን ሁሉ ጠመንጃና የደንብ ልብስ እያየሁ ስዞር እኔ የማስበው ሌላ ነበር፦ ይሄን ሁሉ ሰው ማን አበላው? ልብሱንስ ማን አጠበው? የቤት ሠራተኛ ሆኖ ሙዚየም መግባት እንዲህ ነው መሰለኝ።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 በተወሰነ ውሳኔ 26 የተለያዩ የጦር ጣቢያዎቿን አዋሕዳ 12 የጋራ ጦር ሰፈሮች አደረገቻቸው። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉ፣ የአየር ኃይሉ ጎን ለጎን እየኖሩ እያንዳንዳቸው ለብቻ ቆሻሻ ያስነሱ፣ ለብቻ ሣር ያሳጭዱ፣ ለብቻ ሕፃናት ያስጠብቁ ነበርና ወጪ ለመቀነስ ነው። ታዲያ አንዱ ባለቤት ሆኖ ግቢውን ያስተዳድራል፣ ሌላው እንደ ተከራይ ይኖራል። አዛዡ የከተማ ከንቲባ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የውጊያው ሥራ የየራሳቸው ሆኖ ቀረ፣ የጋራ ያደረጉት የቤቱን ሥራ ነው። አንድ መቶ ዓይነት አርማ ያለውን ሰው አንድ ማኅበረሰብ የሚያደርገው ወጥ ቤቱ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ የልጆች ማቆያው ነው ማለት ነው። የእኛ ሥራ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ማኅበረሰቡን በሥራዋ የምታቆመው ሴት የማኅበረሰቡ አባል ናት ወይስ አይደለችም?

አያቴ አሥመራ ውስጥ ለቃኘው አሜሪካኖች ልብስ ታጥብ ነበር። ቃኘው ጣቢያ ስሙን ያገኘው ኮርያ ከዘመተው ሻለቃችን ነው፤ ሻለቃው ደግሞ ከራስ መኮንን ፈረስ ስም። እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገው ስምምነት አሜሪካኖች ከፍታዋን ፈልገው፣ ከሩቅ የሚመጣ የሬዲዮ መልእክት ሊያዳምጡና ሊያስተላልፉ እዚያ ተተከሉ። ግቢው የራሱ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ ሱቅ፣ ሌላው ቀርቶ የራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው። አያቴ በደህና ጊዜ ያየችውን ስትናገር ክፋት አታወራም። ደመወዙ በቀኑ ይከፈላል፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች። በር ላይ ወረቀቷን ታሳያለች፣ ትገባለች፤ ታሳያለች፣ ትወጣለች። እውነቱን ለመናገር ከብዙዎቻችን ኑሮ ይሻላል።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ግን ደርግ ጣቢያው እንዲዘጋ አዘዘ። የተሰጠው ጊዜ አራት ቀን ነው። አብዛኞቹ አሜሪካኖች አስቀድመው እየቀነሱ ሄደው ነበር፤ የቀሩትም ስማቸው ዝርዝር ላይ ነበረና ወጡ። አያቴ ዝርዝር ላይ አልነበረችም። ጦርነቱ ወደ ከተማዋ እየተጠጋ ነበር፣ እሷ ግን በእጇ የቀረው የበር ወረቀት ብቻ ነው። ያታለላት ሰው የለም። አባል ነሽ ያላትም የለም።

አብራኝ የምትኖር አንዲት ልጅ ይሄን ስነግራት «ታዲያ ምን ጎደለባት? ሠራች፣ ተከፈላት፣ አለቀ» አለችኝ። ክርክሯ ቀላል አይደለም። እኛን «እንደ ልጃችን ናት» ይሉናል፣ በዚያው አፍ ፓስፖርታችንን ይቆልፉበታል። የበር ወረቀት ቢያንስ አይዋሽም። በውሸት ልጅ ከመሆን በእውነት ተቀጣሪ መሆንን እኔም እመርጣለሁ። ደመወዝ ግን የሚከፍለው ላለፈው ቀን ነው። ቤይሩትን አስታውሱ። በ2020 ኑሮው ሲወድቅ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። በ2024 ቦምብ ሲወርድ ቤቱን ቆልፈውባቸው የሸሹም ነበሩ። እነዚያን ልጆች የየወሩ ደመወዝ ተከፍሏቸው ቢሆን እንኳ «አለቀ» የምትል ከመካከላችን ማን ናት? የሰውን ልብስ አሥር ዓመት አጥበሽለት፣ ልጁን አሳድገሽለት፣ በሚሸሽበት ቀን ሲቆጥር ካልቆጠረሽ በመካከላችሁ የነበረው ዕዳ በብር ብቻ የሚለካ አልነበረም። እኔ የማምነው ይሄንን ነው። ልጅቷ እስካሁን አልተስማማችም።

አንድ ነገር ግን ከጦር ሰፈር ብንወስድ ደስ ይለኛል። አሜሪካኖቹ ጋ «ስፖንሰር» የሚባል ቃል አለ፣ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ወታደሩ ራሱ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ሐኪም ቤቱም ሱቁም የሚገቡት በእሱ ስም ነው፣ ጥገኛ ይባላሉ። ይሄኛውን እናውቀዋለን፣ የኛ ካፊል ዘመድ ነው። ሁለተኛው ግን አዲስ መጪ ከመድረሱ በፊት የሚመደብለት ሰው ነው። ይጽፍለታል፣ ይቀበለዋል፣ ሐኪም ቤቱን፣ ሱቁን፣ መንገዱን ያሳየዋል። ፓስፖርቱን አይዝበትም። ሲለምድ ይለቀዋል። በአንድ ቃል ውስጥ ሰውን መያዝና ሰውን መቀበል እንዴት አብረው እንደተቀመጡ ይገርመኛል።

ማኅበራችን ውስጥ ሁለተኛውን ሞክረነዋል። ደብተር አለን፦ የልጅቷ ስም፣ የምትኖርበት አካባቢ፣ ሲብ ይሁን አል ኹወይር፣ ያገር ቤት ስልክ፣ ኮንትራቷ የሚያልቅበት ወር፣ የተመደበችላት እህት። ስልክ የተከለከለች ካለች በምን መንገድ እንደምትገኝም እንጽፋለን፤ ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ጎረቤት ያለችው ሐበሻ ታያታለች ዓይነት። ባለፈው ወር ለእኔ የደረሰችኝ ልጅ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ምክር አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ደረሰኝ። እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ እዚህ አገር በርበሬ የት እንደሚገኝ ነው። ለዓርብ ሩዊ ተቀጣጥረናል።