ከወረታ ወደ ግራ፣ ከወረታ ወደ ቀኝ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚወረወረው ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው። እርሻውንም ንግዱንም ልያዝ ለሚል ጎረምሳ፣ ሁለት ጎጆ ለሚያስተዳድር ባል፣ ከሁለት ወገን ለሚበላ ሹም ይነገራል። ተናጋሪው ሁልጊዜ መሬት ላይ ቆሟል፤ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ሌላው ነው። ምሳሌው ግን ሁለት እግር መኖሩን አይነቅፍም። ፋርጣ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሚመለምል ሰው ያየ ነገሩ ይገባዋል፦ ሁለቱም እግር ግንዱን ካላቀፈ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ካልያዘ፣ ሰውዬው ከመሬት አይነሣም። ሁለት እግር የሚያስፈልገው አንዱን ዛፍ ለመውጣት ነው። ትርፍ እግር የለም።

ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለደቡብ ጎንደር ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ደብረ ታቦር የጥንቱ የበጌምድር ከተማ ናት፤ የዞኑም ስም ጎንደር ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ነበረች። ይሁን እንጂ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ጎንደር ከዚያ በግማሽ ያህል ትርቃለች። ከጉና ሥር የተነሣ መኪና ዓለም በርን አልፎ፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ ሰንጥቆ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ ግራ ባሕር ዳር፣ ወደ ቀኝ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ በግራ ሄዶ ተምሯል፣ ሌላው በቀኝ ሄዶ ታክሟል። ድንቹ በግራ ይወርዳል፤ ዘመድ በቀኝ ይጠየቃል። ወረታ ላይ ማንም ሰው «ከሁለቱ የቱን ትወዳለህ?» ተብሎ አያውቅም።

ጥያቄውን ያመጣው እግር ኳስ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ተከተለው። ከዚያ በፊት የእኛ አገር ወጣት ክርክሩ በጊዮርጊስና በቡና፣ ይልቁንም በአርሴናልና በማንቸስተር ነበር፤ ቢሸነፍም ቢያሸንፍም ጉዳዩ ሩቅ ነው። አፄዎቹና የጣና ሞገዶቹ በአንድ ሊግ ሲገናኙ ግን ነገሩ እቤት ገባ። ምረጥ ተባለ።

ሊጉ ገና በሜዳና ከሜዳ ውጪ በሚካሄድበት ጊዜ አባቴ ሊጠይቁኝ ባሕር ዳር መጡና መምጣታቸው ከሁለቱ ጨዋታ ጋር ገጠመ። ይዣቸው ሄድኩ። በር ላይ ፈታሾቹ ዱላ አይገባም አሉ። ለፋርጣ ገበሬ ያለ ዱላ ሰው መሐል መግባት ራቁት እንደ መሄድ ነው፤ ቢሆንም ብዙ አልተከራከሩም። አጠገባችን ጫማ ለሚጠርግ ልጅ አደራ ሰጡት፤ ከመስጠታቸው በፊት ግን የአባቱን ስምና አገሩን ጠየቁት። የእስቴ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ረኩ።

ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል የሚባለውን ስታዲየም ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ዝናብ ቢመጣ መጠለያው የት እንደሆነ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው የማን ደጋፊ እንደሆነ ስለማይለይ ማንም አልነካቸውም። ጨዋታው ሲጀመር አንደኛው ቡድን ለግብ ሲቀርብ አጨበጨቡ። ሌላው ሲቀርብም አጨበጨቡ። ከፊታችን የተቀመጠ፣ ድምፁ በጭፈራ የሰለለ ወጣት ዞር አለ።

«አባባ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?»

«የሁለቱም።»

«አይሆንማ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ይወጣል እንዴ?»

ምሳሌው ከታናሽ ወደ ታላቅ ሲወረወር ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ግን አልከፋቸውም። «እኔ መቼ ወጣሁ፣ ልጄ? ታች ቆሜ ነው የማየው። የሚወጡት እነሱ ናቸው» ብለው ወደ ሜዳው አመለከቱ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወጣቱም ሳቀ።

ለእኔ ይህ መልስ ከቀልድ ያልፋል። ምሳሌው የተነገረው ለሚወጣ ሰው ነው፤ የልፋት ምሳሌ ነው፣ የፍቅር አይደለም። ተጫዋች በአንድ ቀን ሁለት ማልያ አይለብስም። ፋሲል ተካልኝ ባሕር ዳር ከነማን ሲያሠለጥን የተቀናቃኙን ስም እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራው የአንድ ዛፍ ስለሆነ ስሙ ማንንም አላወዛገበም። ተመልካቹ ግን ለምን በሚወጣው ሰው ሕግ ይታሰራል? በነሐሴ 2011 ፋሲል ከነማ በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን ሲያስተናግድ «ሜዳዬ» ያለው የባሕር ዳርን ስታዲየም ነበር፤ 1 ለ 0 አሸነፈበትም። ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ መውደቁ ሌላ ነገር ነው። በ2014 መስከረም የሱዳኑን አል ሂላልን በቻምፒዮንስ ሊግ የገጠመው፣ 2 ለ 2 የወጣውም እዚያው ነው። እንግዲህ ቡድኑ ራሱ ከተቀናቃኙ ጥላ ሥር ከተቀመጠ፣ የደብረ ታቦር ሽማግሌ ቢቀመጡ ምን ነውር አለው?

አንዱን ብቻ መምረጥም ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህንን ደብረ ታቦር ከማንም በላይ ታውቃለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ትተው መቀመጫቸውን እዚህ አደረጉ፣ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከተማዋን አቃጥለው ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ።

ሆኖም አባቴን ሙሉ በሙሉ አልፈርድላቸውም። ታች ቆሞ ማየት ምንም አያስከፍልም። ያ ድምፁ የሰለለ ልጅ ቡድኑ ቢሸነፍ እራት ሳይበላ ያድራል፤ አባቴ በየትኛውም ውጤት እራታቸውን ይበላሉ። ማልያ የሚገዛው፣ ለክለቡ መዋጮ ሲጠየቅ ኪሱ የሚገባው፣ ቡድኑን ተከትሎ በሌሊት መኪና የሚሳፈረው እሱ ነው። ሁላችንም እንደ አባቴ ብንሆን ደርቢ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁለት ቡድን ልምምድ ሲሠራ የሚያይ ጨዋ ጉባኤ ብቻ ይኖራል። ዛፉ ላይ የወጣ ሰው ስላለ ነው ታች ቆመን የምናየው ያገኘነው።

ደግሞስ በእርግጥ ታች ቆመው ነበር? ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው አንድ የፋሲል ተጫዋች ሳጥን አካባቢ ተጠልፎ ወደቀ፤ ዳኛው አለፈው። አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ «ኧረ ዳኛ! የእግዜር ያለህ!» ብለው ጮኹ። ወጣቱ እንደገና ዞር አለ፤ አሁን ግን ምንም አላለም፣ በዓይኑ ብቻ ጠየቃቸው። «ለእውነት ነው የጮኽኩት» አሉ አባቴ፤ ቀስ ብለውም ተቀመጡ።

ከ2013 ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ጅማም ይሁን ድሬዳዋ ሐዋሳም ይሁን፣ ደብረ ታቦር ያለ ደጋፊ የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። በስታዲየም ተለያይተው የሚቀመጡት ሁለቱ ወገኖች ማሳያ ቤት ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። አባቴም የሳምንት ገበያ ሲወጡ ጎራ ማለት ለምደዋል። በ2013 ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ደወሉልኝ፤ «አነሣን» አሉ። በ2015 ባሕር ዳር ጊዮርጊስን ተከትሎ ሁለተኛ ሲወጣ እንደገና ደወሉ፤ «አመለጠን» አሉ።

«አባባ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ዋንጫው በሁለቱ መሐል ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱን ዳኛው ይጨነቅበት» አሉኝ።