መንቃት ያቃተው ሰው ተጠያቂ ነውን?



«እንቅልፌ ከባድ ነው፤ ጠዋት መነሳት አይሆንልኝም፤ ተፈጥሮዬ ነው።» ይህን ቃል ከወጣቱም፣ ከጎልማሳውም፣ ከነጋዴውም፣ ከቤት እመቤቷም እንሰማዋለን። የሱብሒ ሶላት ሲያመልጥ፣ ሥራ ሲረፍድ፣ ልጆች ቁርስ ሳይቀምሱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጡ የሚቀርበው ምክንያት ይኸው ነው። ታዲያ ይህ ምክንያት ያስኬዳልን? ሰው በተፈጥሮው ይጠየቃልን? ወይስ ተፈጥሮ የሚባለው ስንፍና የሚደበቅበት ካባ ነው? ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም ሃይማኖትንም፣ ኑሮንም፣ ትዳርንም የሚነካ በመሆኑ ረጋ ብለን ልንመለከተው ይገባል።

ተፈጥሮ መኖሩ አይካድም

የሰዎች ተፈጥሮ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጎህ ሳይቀድ ዓይኑ ይገለጣል፤ ሌላው ደግሞ ፀሐይ ወጥታም አካሉ አይታዘዝለትም። በሰውነታችን ውስጥ እንቅልፍንና ንቃትን የሚመራ የተፈጥሮ ሰዓት መኖሩን የዘመኑ ሳይንስም አረጋግጧል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በትናንሽ ዝንቦች ላይ ባደረጉት ጥናት የዚህን ሰዓት አሠራር በመግለጻቸው የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህ ሰዓት በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሄድም። በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ወጣቱ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጠዋት መነሳትም ይከብደዋል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ጉዳዩ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ተነስቶ ነበር። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት የሰፍዋን ኢብኑል ሙዐጠል (ረ.ዐ) ባለቤት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ካቀረበቻቸው ስሞታዎች አንዱ ባሏ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሱብሒን አለመስገዱ ነበር። ሰፍዋንም ቤተሰባቸው በዚህ ነገር የታወቀ መሆኑንና ፀሐይ ሳትወጣ መንቃት እንደማይሆንላቸው ተናገረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲነቃ እንዲሰግድ ነገሩት። ሰፍዋን በጦር ሜዳ የተሰለፈ ታላቅ ሶሓባ ነው፤ ሰነፍ ተብሎ አልተዘለፈም። በሌላ ሐዲስም የተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ ብዕር የተነሳለት መሆኑ ተነግሯል። እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ በእንቅልፍ የተያዘ ሰው በእንቅልፉ አይጠየቅም።

የቢላል ሌሊት

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆመን ብንቀር ራሳችንን እናታልላለን። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና ሶሓቦቻቸው ሌሊቱን ተጉዘው ስለደከሙ ሊያርፉ ወረዱ። ከመተኛታቸው በፊት ግን ቢላል (ረ.ዐ) ነቅቶ ንጋቱን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ቢላል የቻለውን ያህል ሲሰግድ ቆየ፤ ንጋቱ ሲቃረብም ጎህ ወደሚቀድበት አቅጣጫ ዞሮ ግመሉን ተደገፈ። እንቅልፍ ግን አሸነፈው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ሆነ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከሥፍራው ጥቂት ፈቀቅ እንዲሉ አዘዙና ውዱእ አድርገው ሶላታቸውን ሰገዱ።

ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ የምናስታውሰው ማምለጡን ብቻ ነው። ከማምለጡ በፊት የተደረገውን እንመልከት። ጠባቂ ተመድቧል፤ ጠባቂውም ጋደም አላለም፤ ፊቱን ያዞረው ንጋቱ ወደሚመጣበት ነው። ማለትም የሚቻለው ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው እንቅልፍ ያሸነፈው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምንረዳውም ጥፋት ያለው በእንቅልፍ ውስጥ ሳይሆን በንቃት ጊዜ ነው።

ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የምንጠየቀው ጠዋት በ11 ሰዓት ስለሆነው ሳይሆን ማታ በ3 ሰዓት፣ በ4 ሰዓትና በ5 ሰዓት ነቅተን ሳለን ስላደረግነው ነው።

የአውቶቡሱ መንገደኛ

«አይሆንልኝም» የሚለውን ወንድም አንድ ነገር እንጠይቀው። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መድረስ ቢኖርበት ምን ያደርጋል? «ይነሳል! ታዲያ ለሶላት ለምን አይነሳም?» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ግን በቂ አይደለም። ለአንድ ሌሊት የሚቻል ነገር በየሌሊቱ ይቻላል ማለት አይደለም፤ በማግስቱም ሰውየው አውቶቡስ ውስጥ ሲያንቀላፋ መዋሉ የታወቀ ነው።

ይልቅስ የመንገደኛውን ምሽት እንመልከት። ሻንጣውን በጊዜ ያዘጋጃል፤ ልብሱን ከራስጌው ያስቀምጣል፤ ራቱን ቶሎ ይበላል፤ ሰዓቱን ይሞላል፤ አልበቃ ብሎት ጎረቤቱን «ቀስቅሰኝ» ይላል። እንግዲህ አውቶቡሱ የሚመሰክርበት መንቃት መቻሉን ሳይሆን መዘጋጀት ማወቁን ነው። መዘጋጀት የሚያውቅ ሰው ሳይዘጋጅ ተኝቶ «ተፈጥሮዬ ነው» ቢል ምክንያቱ አይቀበሉትም።

የኛ ምሽት ምን ይመስላል? ከቀትር በኋላ የተጀመረ ጫት በምርቃና እኩለ ሌሊት ያደርሳል። ማታ የተጠጣ ቡና ግማሽ ያህል ኃይሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ከሰውነት አይወጣም። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ደግሞ ስልኩ ይከፈታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ሊቃውንት ለዕውቀት፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ ጉዳይ የሚደረገውን ጨዋታ ለይተው ፈቅደዋል። የኛ አብዛኛው አምሽቶ መቀመጥ ግን ከሦስቱም አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መኝታን በአንድ ሌሊት ለመለወጥ አለመታገል፤ በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየቀደሙ መተኛት። በአገራችን የንጋት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢለዋወጥ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የሰኔ ሌሊት እጅግ በሚያጥርባት በስዊድን ከሚኖሩ ወንድሞቻችን ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አንድ የመኝታ ሰዓት ለክረምቱም ለበጋውም ያገለግለናል።

ሁለተኛ፣ ስልኩንም ሆነ የሚጮኸውን ሰዓት ተነስተን ካልሄድን በቀር ልናጠፋው ከማንችልበት ቦታ ማስቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ዓይን እንደተገለጠ አላህን ማውሳት፣ ውዱእ ማድረግና መስገድ። ሸይጣን በተኛ ሰው ማጅራት ላይ የሚቋጥራቸው ሦስት ቋጠሮዎች በነዚህ ሦስት ነገሮች እንደሚፈቱና ሰውየው ነቃ ብሎ ደስ ብሎት እንደሚያነጋ በሐዲስ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ከብርድ ልብስ ሥር ከመግባት ወደ ደጅ ወጥቶ ብርሃን ማየት ነው። የሰውነትን ሰዓት ይበልጥ የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነውና። ለሚያንቀላፋም የቀትር እረፍት፣ ቀይሉላ፣ አለለት።

ከግዴታ ውጭ ባለው ደግሞ ሸሪዓው አቅማችንን ተመልክቷል። አቡ በክር (ረ.ዐ) ዊትርን ከመተኛታቸው በፊት፣ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በሌሊቱ መጨረሻ ይሰግዱ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አንደኛው ጥንቃቄን፣ ሁለተኛው ብርታትን እንደያዙ ተናገሩ እንጂ አንዱንም አልነቀፉም። ስለዚህ እንቅልፉ የሚከብድ ሰው ዊትሩን ሰግዶ ይተኛ፤ ኃይሉን ሁሉ ለሱብሒ ያቆይ።

የሌሊት ዘበኛው፣ ተረኛዋ ነርስ፣ ሕፃን ታቅፋ የምታነጋ እናት ግን ከጫት ቤት አምሽቶ ከገባው ሰው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለሚነቁት አንድ ቃል

በቀላሉ የምትነቁ ወገኖች ሆይ! ሳትደክሙበት በተሰጣችሁ ነገር አትመኩበት። ቁርዓንን እየተቸገረ የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ተነግሯል። ራሱን ከፍራሹ ጋር ታግሎ የተነሳም ሰው ድካሙ አላህ ዘንድ አይጠፋም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ለሶላት ሲቀሰቅስ ውኃ ርጨት እንዲያደርግ በሐዲስ ተወድሷል፤ ርጨት እንጂ ስድብ አልተባለም።

በመድረሳ ስናስተምር ጠዋት ሉሑን ይዞ የሚያንቀላፋ ልጅ ይገጥመናል። አለንጋ ከማንሳት በፊት «ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ ልጁ የተኛው ታላላቆቹ ሲተኙ መሆኑን ነው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን እየጮኸ ማን ይተኛል? እንግዶች ሸኝታ፣ ዕቃ አጥባ እኩለ ሌሊት የምትተኛው ልጅስ? የእነዚህ ልጆች የጠዋት እንቅልፍ የአባወራው የማታ ሥራ ነው። እነርሱ ላይ የሚነሳው ብዕር የቤቱ ኃላፊ ላይ አይነሳም። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ስለምንጠብቀውም ተጠያቂዎች ነን።

እንግዲህ ውድ አንባብያን! ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ጥቂት ቆም ብለን ነገ ጠዋት የምንሰጠውን ምክንያት ዛሬ እናስብበት። የሚቻለንን አድርገን እንቅልፍ ካሸነፈን ጌታችን አዛኝ ነው፤ ስንነቃ እንሰግዳለን፤ ተስፋም አንቆርጥም። የሚቻለንን ሳናደርግ ከተኛን ግን ተፈጥሮን አንክሰስ። አላህ (ሱ.ወ) ምሽታችንን የሚያስተካክል ብርታት፣ በማለዳችንም በረካ ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።