ከራሱ ጋራ የተጣላውን ሰው ማን ያስታርቀዋል?

ሰው ከሰው ጋራ በተጣላ ጊዜ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይታጣም። ጐረቤት ከጐረቤቱ በድንበር፤ ወንድም ከወንድሙ በርስት፤ ዘመድም ከዘመድ በደም የተቃየመ እንደ ሆነ፤ የወሎ አበጋሮች፤ የራያና የቆቦም ዘወልዶች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፤ የሁለቱንም ቃል ሰምተው፤ በዳዩን አስክሰው ተበዳዩን ለምነው ያስታርቃሉ። በዚህም ሸንጎ እስላሙና ክርስቲያኑ ባንድነት ይቀመጣሉ። ነገር ግን ከማንም ጋራ ሳይጣላ ከገዛ ነፍሱ ጋራ የተጣላ ሰው አለ። የዚህ ሰው ባላንጣ ከሱ ጋራ ይተኛል፤ ከሱ ጋራ ይነሣል፤ ባንድ መሶብም አብሮት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያስታርቀዋል? ዛሬ ጥቂት ቃል ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲገለጽ አንድ ምሳሌ እናቁም። በጎብዬ አገር አንድ ጐልማሳ አለ እንበል። አባቱ በሬ ሸጦ፤ እናቱም ከዘመድ ተበድራ ወደ ዐረብ አገር ሰደዱት። የጅቡቲን በረሃና የየመንን ባሕር አልፎ ሳዑዲ ዐረቢያ ገባ፤ ነገር ግን ዕዳውን ሳይከፍል ተይዞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ምሳሌው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተባረው መመለሳቸውን ሁላችን እናውቃለን። ዕዳው በደጅ ይጠብቀዋል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ ቆላ ሲመላለስ ያየውም ነገር ሌሊት ሌሊት ይመለስበታል። ሰው ሁሉ «ምን ይዞ መጣ?» ይላል እንጂ «እንደምን ከረምህ?» የሚለው የለም። ስለዚህ ከቡናው ይቀራል፤ ከማሽላው እርሻ ይቀራል፤ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ይወደው የነበረውን ዕቃ ለወንድሙ ይሰጣል። አንድ ቀንም እንደ ዋዛ «እኔ ባልኖር ለናንተ በተሻላችሁ ነበር» ይላል። ሰሚውም «ተው፤ ክፉ አትናገር» ብሎት ያልፋል።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሰው ነፍስ በዚያች ቃል ደጃችንን አንኳኳች፤ እኛ ግን ሳንከፍትላት ቀረን። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በየዓመቱ ከ700 ሺህ የሚበልጥ ሰው በገዛ እጁ ይሞታል፤ ከነዚህም የሚበዙት ሀብታቸው መጠነኛ ወይም አነስተኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ይህ የሩቅ አገር ሰው ነገር ነው ብለን ልንተወው አይቻለንም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ስሕተት እናያለን። አንዱ ወገን ኀዘንተኛውን ሰው «ሰነፍ ነው፤ እምነት የጐደለው ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እጅን ከመስጠት በገዛ እጅ መሞት የጀግና ነው» እያለ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ ምድር በመቅደላ አምባ የሆነውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት ይጠቅሳል።

ንጉሠ ነገሥቱን ማክበር ይገባል። ዳሩ ግን የምናከብራቸው ስለ ምንድር ነው? የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ስለ ደከሙ፤ በጋፋት የመድፍ ሥራ ስላቆሙ፤ በተራራውም ላይ መንገድ ስለ ጠረጉ ነው እንጂ፤ ስለ መጨረሻዪቱ ሰዓት አይደለም። ይልቁንም በዚያው ሰሞን የሆነውን ሌላ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚያ ቀን ጥቂት አስቀድሞ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ባነሡ ጊዜ፤ በአጠገባቸው የነበሩ መኳንንት ይዘው እንዳስጣሏቸው ተጽፏል። በመጨረሻው ቀን ግን የሚበዛው ሰው ከአጠገባቸው ሄዶ ነበር። እንግዲህ የመቅደላ ታሪክ የሚያስተምረን ሞት ክብር መሆኑን ሳይሆን፤ እጁን የሚይዝለት ያላጣ ሰው እንዲድን፤ ብቻውን የቀረ ሰው ግን ንጉሥም ቢሆን እንዲጠፋ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፊተኛው ስሕተት እንመለስ። ነፍስ የእግዚአብሔር ገንዘብ ናት፤ ሰው ባለ አደራ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ነፍስን ማጥፋት የተከለከለ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ነገሩን መከልከልና በሰውዬው ላይ መፍረድ አንድ አይደሉም። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ይህን በተጠየቀ ጊዜ፤ ሰውየው በውነት አእምሮው ተለይቶት እንደ ሆነ ካህኑ አጥብቆ ይመርምር፤ የዘመድንም ቃል ብቻ ሰምቶ አይወስን ብሎ መልሷል። አባቶች እንግዲህ ሕመምን ከክፋት ለይተው አይተዋል ማለት ነው። የሰውዬውን ልብ መመርመር ከሞተ በኋላ የሚገባ ከሆነ፤ በሕይወት ሳለ መመርመሩ እንደምን ይበልጥ አይገባም? መቃብር ላይ የምንጠይቀውን ጥያቄ በቤቱ ደጃፍ ብንጠይቀው ኖሮ፤ ብዙ ጊዜ መቃብሩ ባላስፈለገ ነበር።

ስለ አጠያየቁም ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን በለመነ ጊዜ፤ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ አስተኛው፤ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ብቻዬን ቀረሁ» ባለም ጊዜ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕም ባልንጀራ ሆኖ ተሰጠው። እንደዚሁም ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ወህኒ ሳለ፤ የወህኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሲል በታላቅ ድምፅ ጮኸለት። ቃሉም ሁለት ነገር ነበረው፤ ራስህን አትጕዳ የሚልና፤ ሁላችንም እዚህ አለን የሚል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንናገረው የፊተኛውን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሁለተኛው አለ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ነውሩን ብናቃልለው ነገሩን ማበረታታት ይሆናል» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ነውር እጅን አይዝም፤ አፍን ይዘጋል እንጂ። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1961 ድረስ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈው ሰው ይቀጣ ነበር፤ በኋላ ግን ይህን ሕግ ተዉት። የኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ542ኛው አንቀጽ የሚቀጣው ሌላውን ሰው የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። «ስለ ሞት ብንጠይቀው አሳቡን እናመጣበታለን» የሚሉም አሉ። ሐኪሞች ደጋግመው እንዳረጋገጡት ግን በፍቅርና በግልጥ መጠየቅ አሳቡን አያመጣም፤ የተሸከመውን ያቀልለታል እንጂ።

ከዚህ ላይ የሩቅ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። በካናዳ በስተ ሰሜን፤ በረዶ በማይጠፋበት አገር ኢኑዊት የሚባሉ ሕዝብ ይኖራሉ። ዛሬ ከነሱ መካከል በገዛ እጁ የሚሞተው ወጣት ብዛት በዓለም ከሁሉ ከሚበልጡት ይቈጠራል። ሰው ብርዱንና ጨለማውን ምክንያት ያደርግ ይሆናል፤ ነገር ግን ብርዱ ከጥንት የነበረ ነው፤ መከራው ግን የበረታው ከ1970 ወዲህ ነው። ምክንያቱም ሕዝቡ ከሚያድንበት ምድር ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ተለይተው ቋንቋቸውን ወደሚያስረሳ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ስለዚህ ልጅ አባቱን፤ አባትም ልጁን የማያውቅ ሆነ። በዚያው በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ስላሉት ነባር ሕዝቦች ቻንድለርና ላሎንድ የተባሉ ሊቃውንት በ1998 ባሳተሙት ምርምር፤ ትምህርት ቤታቸውንና አስተዳደራቸውን በገዛ እጃቸው የያዙ፤ ባህላቸውንም የጠበቁ መንደሮች ከዚህ መከራ እጅግ የዳኑ መሆናቸውን ገልጠዋል። ኢኑዊቶችም በ2016 የገዛ ራሳቸውን የመከላከያ ዕቅድ አውጥተዋል። ከዚህ የምንማረው ሰውን በሕይወት የሚያቆየው የገዛ ልቡ ብርታት ብቻ አለመሆኑን ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች፤ የሚሰማው ቋንቋ፤ የሚቀመጥበትም ስፍራ ያቆዩታል። ለኛ እነዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ በእጃችን አሉ፤ የቀረን ነገር ለዚህ ጉዳይ ማዋል ብቻ ነው።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ፤ የጨለማዪቱ ሰዓት ታልፋለች። በሳን ፍራንሲስኮ ራሳቸውን ሊገድሉ ሲሉ ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን አንድ ሊቅ ብዙ ዘመን ተከታትሎ ነበር። በ1978 እንደ ጻፈውም ከመቶው 94 ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፤ ወይ እንደ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሞት ሞተዋል። እንግዲህ «ዛሬ ብትከለክለው ነገ ያደርገዋል» የሚለው አባባል ሐሰት ነው። የስሪ ላንካ መንግሥትም ከ1995 ጀምሮ እጅግ መርዛም የሆኑትን የተባይ መድኃኒቶች ከገበያ ባስወጣ ጊዜ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ በገዛ እጁ የሚሞተው ሰው ከመቶ ሰባ ያህል ጐድሏል። ማሽላና ጤፍ በሚዘራበት በራያ ቆላም የተባይ መድኃኒት በየቤቱ ጥግ ከሚቀመጥ፤ ተቈልፎ በታመነ ሰው እጅ ቢቀመጥ፤ ይህ ትንሽ ነገር ነፍስ ያድናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በወሎ አገር ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ መቃብር ይቈፍራል፤ እህል ያዋጣል፤ ኀዘንተኛውንም ያጽናናል። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ለሞተ ሰው የሚሰበሰበው ቅሬ፤ ሊሞት ላሰበ ሰው እንደምን አይሰበሰብም? ከቡና የቀረውን ሰው ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው ይጠይቁት፤ ያነጋግሩት፤ ብቻውንም አይተዉት። ዕዳ ያስጨነቀው እንደ ሆነ ከባለ ገንዘቡ ጋራ ይሸምግሉለት። ሕመም የጸናበትም እንደ ሆነ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። ጠበሉን የሚወድ ሐኪሙን አይናቅ፤ መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን አክብር ብሎ ያስተምራልና። ካህኑም ንስሓ ልጁን ስለ ኃጢአቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡም ይጠይቀው። ይህ ክፉ ነገር የደረሰበትም ቤት ቢኖር አይነወር፤ እናቲቱ በኀዘኗ ላይ ኀፍረት አትጨመርባት።

ወደ ጎብዬው ጐልማሳ ልመለስ። ያ ሰው ዕዳውን የሚከፍልለት ባለጠጋ ላያገኝ ይችላል። ነገር ግን «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ባለባት ቀን አንድ ሰው ከአጠገቡ ተቀምጦ «ሞትን አስበሃልን? ንገረኝ፤ ሰምቼህ አልሄድም» ቢለው፤ ከራሱ ጋራ የሚታረቅበት ሸንጎ በዚያች ሰዓት ተቀመጠ ማለት ነው። ለዚህ ሽምግልና ካባ ወይም ሹመት አያስፈልግም፤ ጐረቤት መሆን ይበቃል። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ካነበብህ በኋላ ከቡናው የቀረው ማን እንደ ሆነ አስብ፤ ሳይመሽም ሄደህ ደጁን አንኳኳ።