ሰውየውን እንጠርጥር ወይስ ውሉን?

አንድ ሙስሊም ያገለገለ ዕቃውን በኢንተርኔት ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ባሕር ማዶ ካለ ፈጽሞ ከማያውቀው ሰው «እኔ እገዛዋለሁ» የሚል መልእክት ቢደርሰው ሰውየውን መጠርጠር ይፈቀድለታልን? ሱረቱል ሑጁራት በአንድ በኩል ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አመጸኛ ሰው ያመጣውን ወሬ ሳናጣራ እንዳንቀበል ያስጠነቅቀናል። ሁለቱን ትእዛዛት እንዴት አስማምተን እንያዛቸው?

በቅድሚያ ማታለሉ እንዴት እንደሚፈጸም እንመልከት። ኢቤይና ክሬግስሊስት የተባሉት መገበያያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ከተጀመሩ ወዲህ፣ በተለይ በአሜሪካ በሚኖሩ ሻጮች ላይ ተደጋግሞ የታየ ስልት አለ። ሻጩ ካሜራውን በ300 ዶላር አቀረበ እንበል። «ገዢው» ዋጋ አይከራከርም፤ ዕቃውንም ልይ አይልም። እኛ ሲፒኦ ከምንለው ጋር የሚመሳሰል የ1,800 ዶላር የባንክ ቼክ ይልክና «ትርፉን 1,500 ዶላር ዕቃውን ለሚያጓጉዝልኝ ሰው በሐዋላ ላክልኝ» ይላል። ሻጩ ቼኩን ባንክ ያስገባል፤ በማግስቱ ገንዘቡን በሒሳቡ ላይ ሲያይ ደስ ብሎት 1,500ውን ይልካል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል።

ምስጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ባንኮች የእንዲህ ያለውን ቼክ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲለቁ ያስገድዳል። ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ግን የቼኩ እውነተኛነት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ባንኩ 1,800ውን መልሶ ይወስዳል፤ በሐዋላ የሄደው 1,500 ዶላር የሻጩ የራሱ ሐቅ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የሰሙ ብዙዎች «ከአፍሪካ ለጻፈ ሰው አትሽጥ» ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። እርግጥ ነው፣ የዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ «419» እስከ መባል ደርሷል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚመሰክረው ናይጄሪያ ራሷ ድርጊቱን በሕግ የምትቀጣ መሆኗን ጭምር ነው! አገሩን አይቶ የአንድን ሰው ክብር ማጉደፍ የተከለከለው ጥርጣሬ ማለት ይኸው አይደለምን? ከአዲስ አበባ ሆኖ በሐላል ገንዘቡ ሊገዛ የጻፈ ወንድማችን በአድራሻው ብቻ ቢገፋ ምን ይሰማናል? በአንጻሩ በ«አሰላሙ ዐለይኩም» የጀመረ ሁሉ ታማኝ ነው ማለትም የዋህነት ነው። ሰላምታ ለመጻፍ አጭበርባሪው ምንም አይከፍልም።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ስለ ሌላው ሰው መልካምነት የመሰከረን አንድ ሰው ጎረቤቱ መሆኑን፣ አብሮት መጓዙን፣ በገንዘብ መገበያየቱን ጠይቀውት፣ ሁሉንም «አይደለም» ሲላቸው ሰውየውን እንደማያውቀው እንደነገሩት ይተረካል። ልብ በሉ! ዑመር ሰውየውን ሌባ ነው አላሉም፤ አልታወቀም አሉ እንጂ። ባሕር ማዶ ያለው ገዢም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ጥንቃቄያችን በሰውየው ላይ ሳይሆን በውሉ ላይ ይሁን። ገዢው ማንም ይሁን፣ ከየትም ይጻፍ፣ ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ አንቀበል፤ በእርሱ ትእዛዝ ለሦስተኛ ሰው ገንዘብ አንላክ። ባንካችንን «ገንዘቡ ገብቷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ቼኩን ያወጣው ባንክ ከፍሏል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ወደ አውጪው ባንክ ስንደውልም ስልኩን ከቼኩ ላይ ሳይሆን ከሌላ ምንጭ እንፈልግ። ደንቡ ለሁሉም እኩል እስከ ሆነ ድረስ ማንንም አልበደልንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዘዘው ተበዳሪውን ሁሉ ከሐዲ አድርጎ አይደለም። እውነተኛው ገዢ ጥቂት ቢዘገይ ነው፤ አጭበርባሪው ግን ራሱ ይሸሻል፤ እኛም የማንንም ስም ሳናነሣ ገንዘባችንንም ልባችንንም እንጠብቃለን።

ወሏሁ አዕለም።