የደረስጌው ሠዓሊና የመልክ ጥያቄ

በግእዝ «መልክእ» ገጽ፣ አምሳል ማለት ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ቃሉን ለቅዱሳን ለሚደረስ ውዳሴም ሰጥታዋለች፤ ደራሲው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል እየጠራ «ሰላም» ይልበታል። ይሁን እንጂ ስሙ ካልተጠራ በቀር በዚህ ሁሉ ዝርዝር አንዱን ቅዱስ ከሌላው በፊቱ መለየት አይቻልም። ሥዕሉም እንዲሁ ነው፤ ሠዓሊው ጻድቁን በሙሉ ፊቱ፣ ከሃዲውን ደግሞ አንድ ዐይኑ ብቻ እንዲታይ በጎን ሲስል፣ የሚያሳየው ሰውየው ምን እንደሚመስል ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን ነገር ነው። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፉት እቴጌ ምንትዋብም ከገጻቸው ይልቅ በስፍራቸውና በልብሳቸው ይታወቃሉ።

ከዚህ ልማድ ጋር ሌላ ልማድ በስሜን ተራሮች ተገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1813 የተወለደውና በ1847 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር፣ በስሜን፣ ለአገሩ ገዥ ለደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያገለግል ነበር። ይዞት የመጣው ጥበብ የአንድን ሰው ፊት እያዩ፣ ሽብሽቡንም ጠባሳውንም ሳይተዉ መሳል ነው፤ ለዚህ ጥበብ ሰው ማለት ከሌላው የተለየበት ነገር ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ግን እንዲህ የሚስለው መልክ መያዝ ስላቃተው ብቻ ነው ማለት ስንፍና ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ባሉ ጊዜ የተነሣው ክርክር እንደሚያሳየው፣ የሥዕል ነገር የእምነት ነገር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ቀለሙን አልፎ ወደ ሥዕሉ ባለቤት ይደርሳል ትላለች። በዚህ መሠረት ከእመቤታችን ሥር የተደፋ መኰንን ክብር የሚቀበል ሳይሆን የሚለምን ነው፤ ለልመና ደግሞ ፊት ሳይሆን መደፋት ይበቃል።

ሆኖም ይህ አሳሳል አንድ ክፍተት አለው፤ ስፍራ ሊቀማ ይችላል። ውቤ በስሜን የምትገኘውን የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ተቀናቃኛቸው ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ድል አድርገዋቸው፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ያው ታቦት፣ ያው ቅኔ ማሕሌት ሳይለወጥ፣ የተለወጠው በስፍራው የቆመው ሰው ብቻ ነበር፤ ዛንደርም ወደ አዲሱ ጌታ አገልግሎት ገብቶ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እስከ ወደቁበት፣ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ።